መንገድ ላይ ናቸው

ጣቢያው ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም "ሬዲዮ" ነው የሚሏት። ገና አዲስ ፖሊስ ሳለች ስልክ ስትመልስ የሰማ አንድ አለቃ፣ "ይቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች? ዜና ታንብብ እንጂ" አለ፤ ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ አይጮህም፣ አይቸኩልም። ልጁ የጠፋችበት አባት፣ ሱቁ የተሰበረበት ነጋዴ፣ ጎረቤቱ ቢላ መዞ የሚያስፈራራው ምስኪን፣ ሁሉም እየተርበተበተ ይደውልና እሷን ሲሰማ ትንፋሹ ይሰበሰባል። ፀጉር አስተካካዩ ባሏ ደግሞ፣ "እኔ ያገባሁት ድምፅሽን ነው፤ ሌላው ምርቃት ነው" እያለ ደንበኞቹ ፊት ያሾፍባታል።

ስልኩ የተቀመጠው ግቢውን በሚያሳየው መስኮት ሥር ነው። የድሮው ሹፌር ሽቦውን ቀጥሎ አስረዝሞላታል። አሠራራቸው እንዲህ ነበር፦ ሬዲዮ እጀታውን ከጆሮዋ ሳታነሳ ብድግ ትላለች፤ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር" ትላለች። ሹፌሩ ቁልፉን ይጠመዝዛል። ደዋዩ አድራሻውን ተናግሮ ሳይጨርስ ሞተሩ ሲነሳ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ያኔ ነው፣ "በርዎን ቆልፈው ይጠብቁ፤ መንገድ ላይ ናቸው" የምትለው። ያኔ ቃሉ እውነት ነበር። እሷም ቃሉን ስትናገር እንደ ጥሩ ጨርቅ በእጇ የምትዳስሰው ይመስላት ነበር።

ከዚያ ቅነሳው መጣ።

ቅነሳ የሚባለው ነገር ከበሮ እየመታ አይመጣም። እንደ ምስጥ ነው፤ ውስጥ ውስጡን በልቶ ሲጨርስ ነው ግድግዳው የሚዘመው። መጀመሪያ ነዳጁ ወሩን የማያደርስ ሆነ። ከዚያ የደንብ ልብስ መታደሉ ቀረ። ከዚያ ሹፌሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። ከዚያ የመኪናውን ጎማዎች ፈትተው ለሌላ ጣቢያ ወሰዱና መኪናውን ጡብ ላይ አስቀመጡት፤ አንዲት ድመት የኋላ ወንበሩ ላይ ወለደች። በመጨረሻ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ጣቢያዎች ዘግተው ሰፈሮቻቸውን ለእነ ሬዲዮ ደረቡላቸው። ሰው ቀነሱ፣ ሰፈር ጨመሩ። ለሁሉም ጣቢያ የምትሆን አንዲት መኪና ዋናው መምሪያ ግቢ ውስጥ አለች ተባለ። መኪናዋን ያየ ሁሉ ያያት ግን ስብሰባ ባለበት አዳራሽ በር ላይ ቆማ ነው።

ነገሩን ሊያስረዳ አንድ ባለሙያ መጣ። ክራቫቱን አስሮ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ፣ "በአነስተኛ ሀብት የላቀ አገልግሎት" ስለሚባል ነገር ረጅም ንግግር አደረገ። ጥያቄ አለ ወይ ሲል ጋሽ እርምጃ እጁን አወጣ።

ጋሽ እርምጃ የጣቢያው አንጋፋ ፖሊስ ነው፤ ጡረታው ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። መኪናው ከቆመ ወዲህ የትም የሚሄደው በእግሩ ስለሆነ እንዲያ አሉት። ከላይ "ጥብቅ እርምጃ ይወሰዳል" የሚል ነገር በመጣ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ዞሮ እሱን ያያል፤ እሱም፣ "እሺ፣ እሄዳለሁ፤ ጫማዬን ልሰር" ይላል።

"ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አለ ባለሙያውን። "እኛ በእግራችን እንሂድ፣ ግድ የለም። ሌባውም በእግሩ እንዲሄድ የሚያዝ መመሪያ ወጥቷል ወይ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያው ግን ሳይስቅ፣ "ጥሩ አስተያየት ነው፣ እንይዘዋለን" አለ። ሬዲዮም ከሌሎቹ ጋር ስቃ ነበር። ሰውየው ግን የእውነቱን ነው፣ ማስታወሻው ላይ ሊይዘው ነው።

ባለሙያው ትቶት የሄደው አንድ ነገር፣ ጣቢያዎች ከእንግዲህ የሚመዘኑት ስልክ ቶሎ በማንሳት ነው የሚል ነበር። የእነ ሬዲዮ ጣቢያ አንደኛ ወጣ። በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት መጣ፤ "ለፈጣን ምላሽ" ይላል። አዛዡ ከወንበሩ ጀርባ ሰቀለው። በማግስቱ ሬዲዮን ጠርቶ በሩን ዘጋ።

"ስሚ፣ ከዛሬ ጀምሮ 'መኪና የለም' የሚል ቃል ከዚያ ስልክ እንዳይወጣ። እንደ ድሮው፣ ቆልፈው ይጠብቁ፣ መንገድ ላይ ናቸው በይ። ሰው ይረጋጋል።"

"ከተረጋጋስ በኋላ ጌታዬ?"

"በኋላማ ጋሽ እርምጃ ይሄዳል።"

አዛዡ ክፉ ሰው አይደለም። ነዳጅ የሚለምን ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ፣ መልስ ሳያገኝ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሬዲዮም ይህን ስለምታውቅ እሺ አለች። እሺ ማለቷ ነው እስከ ዛሬ አንጀቷን የሚያሳርራት።

ገበያው ጥግ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይቆምበት ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ሠሪ አለ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ደወለ። ሁለት ጎረምሶች ሱቁን ሲያንዣብቡበት እንዳረፈዱ ነገራትና፣ "ልጄ፣ ዘግቼ ልውጣ ወይስ ልጠብቅ?" ብሎ ጠየቃት።

"ከውስጥ ቆልፈው ይጠብቁ ጋሼ" አለችው በዚያ በሚያምር ድምፅዋ። "መንገድ ላይ ናቸው።"

ቆለፈ። ጠበቀ። በሩን ገንጥለው ሲገቡ የሚሸሽበት ቀዳዳ አልነበረውም። ቢላውን በእጁ ሲመክት ጅማቱ ተበጠሰ። ጋሽ እርምጃ ላቡ በጀርባው እየወረደ ሲደርስ፣ ጎረቤቶቹ ሰውየውን በዕቃ ጋሪ ጭነው ሐኪም ቤት ወስደውታል። መሬቱ ላይ የቀሩት ደምና የሰዓት ጥርሶች ነበሩ።

ሰዓት ሠሪው ከዳነ በኋላ ጣቢያው መጣ። ሬዲዮ ሊሰድባት የመጣ መስሏት ተነሥታ ቆመች፤ ቢሰድባት በወደደች። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ጣቶቹ አልታጠፍ ያሉትን እጁን ጠረጴዛዋ ላይ አሳረፈ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ በክፋት አይደለም" አላት። "የዚያን ቀን መንገድ ላይ ናቸው ያልሽኝ ሰዎች፣ ከየት ነበር የሚመጡት? እንዲያው መንገዱ እንዲህ መራቁ ገርሞኝ ነው።"

ሰውየውም መልስ እንዳጣች አይቶ፣ "አይዞሽ፣ ደህና ዋዪ" ብሏት ወጣ። ያ "አይዞሽ" ከጥፊ ይልቅ አቃጠላት። ማታ ዕቃ ስታጥብ ብርጭቆ ሰበረች። ወዲያው ሌላ ሰበረች።

"ምነው እቴ፣ ብርጭቆዎቹም ተከሰው ነው?" አላት ባሏ።

አልሳቀችም። እጇን ሳሙና ውስጥ እንደነከረች ስለዚያ ባለሙያ ታስብ ነበር። እላይ ሲቆረጥ ቁጥር ነው፤ ግድግዳ ላይ በቀለም የሚበራ አምድ ነው፤ አምዱ ሲያጥር ይጨበጨባል። ታች ሲደርስ የሰው ጅማት ነው። የቆረጠው ሰው ደግሞ ደም አይነካውም። ከአዳራሹ ሲወጣ በዚያች በአንዲቷ መኪና ታጅቦ ነው ቤቱ የሚገባው።

የጣቢያው ሰዎች አዲስ የደንብ ልብስ ማግኘት ከተዉ ወዲህ ሱሪና ኮታቸውን የምትጠግንላቸው አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ቤቷ መንገዱ የሚያልቅበት ጥግ ነው፤ የፊተኛው ክፍል ሥራ ቤቷ፣ የኋለኛው ጓዳዋ። ከጓዳዋ ጀርባ ብየዳ ቤት አለ። አፏ አያርፍም። የፖሊሶቹን ሱሪ መቀመጫ እየጣፈች፣ "የመንግሥትን ቂጥ የምሸፍነው እኔ ነኝ፣ ማንም አያመሰግነኝም" ትላለች። ሬዲዮ ከእሷ ዘንድ ስትሄድ ነው በሆዷ የያዘችውን የምትስቀው።

ይቺ ሴት የተፋታችው ባል አላት። አንድ ጊዜ ክንዷን ሰብሯታል። ታስሮ ተፈታ፤ ፍርድ ቤቱም ደጇ እንዳይደርስ አዘዘ። ሰውየው ግን ሰው እየላከ፣ "ቀኑን አልነግራትም እንጂ መምጣቴ አይቀርም፣ አፈር አስበላታለሁ" ይላታል። ሁለት ጊዜ ጣቢያ መጥታ አመለከተች። አዛዡ፣ "ክትትል ይደረጋል" አላት። ክትትሉ ጋሽ እርምጃ ባለፈ ባገደመ ቁጥር መስኮቷን አንኳኩቶ፣ "አለሽ?" ማለቱ ነው። እሷም ከማሽኑ ቀና ሳትል፣ "እስካሁን አለሁ" ትለዋለች።

አንድ ቀን የሬዲዮን ሱሪ እየጠገነች ድንገት ቀልዷን ተወች።

"የመጣ ቀን ብደውልልሽ ትደርሱልኛላችሁ?"

"ደውዪልኝ ብቻ። ቀጥታ ለኔ" አለች ሬዲዮ።

"እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

"አውቃለሁ" አለች ሬዲዮ። ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሱሪውን ወረወረችላት።

የደወለችው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ የሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ ተኝታ ነበር።

"ሬዲዮ፣ መጣ።" ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። "ደጁ ላይ ነው። የክሪክ ብረት ይዟል። ቆልፌያለሁ። ቆልፌ ልጠብቅ፣ አይደል?"

ሬዲዮ በልማድ ብድግ አለች። እጀታውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በመስኮቱ ብቅ አለች። ግቢው ውስጥ ጡብ ላይ የተቀመጠው መኪና አለ፤ ድመቷ የሞተሩ ክዳን ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ጋሽ እርምጃ ከሄደ ቆይቷል፤ ከተደረቡት ሰፈሮች በአንዱ ጫፍ ነው ያለው። ያቺ የሁሉም ጣቢያ መኪና ዛሬም አዳራሽ በር ላይ ናት። ቃሉ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ለዓመታት ስላለችው ራሱ ሊወጣ ይገፋታል። የሰዓት ሠሪው እጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

"የኔ እናት፣ ስሚኝ" አለች። "ማንም አይመጣም።"

"ምን?"

"ማንም አይመጣም። መኪና የለንም፤ ጋሽ እርምጃም ሩቅ ነው። አትጠብቂን። የጓዳሽ መስኮት ይከፈታል?"

"ይከፈታል።" በሩ ሲደበደብ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። "ማሽኔስ? ማሽኔን ጥዬለት?"

"ማሽን አይሞትም። ዝለይና ወደ ብየዳ ቤቱ ሩጪ፣ ወንዶቹ መሃል ግቢ። ስልኩን አትዝጊው፣ እዚያው ጣይውና ሂጂ። አሁን።"

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ሰማች። የእግር ኮቴ። የመስኮት መንቋቋት። ከዚያ በሩ ተገነጠለ። ሬዲዮ ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን ድምፅ ለየች፦ ወንበር፣ መስታወት፣ ከዚያ አንድ ከባድ ብረት ወለል ላይ ሲከሰከስ። ማሽኑ ነው። የሴት ጩኸት ግን አልነበረም። ሰውየው ጓዳ ገባ፣ ተመለሰ፣ ተሳደበ። ከዚያ ትንፋሹ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

"ማነሽ አንቺ?"

"ፖሊስ ነኝ።"

ሰውየው ሳቀ። የንዴት ሳቅ አልነበረም፤ የድሮ ቀልድ እንደሰማ ሰው ነው የሳቀው።

"እ፣ ገባኝ። መንገድ ላይ ናችሁ፣ አይደል?"

ዘጋው።

ሬዲዮ እጀታውን ይዛ ቆማ ቀረች። እሱም ያውቃል። ሰዓት ሠሪውን የወጉት ጎረምሶችም ያውቁ ነበር። አዛዡ ያውቃል፣ ባለሙያው ያውቃል፣ በየመንደሩ ብረት ይዞ የሚዞር ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ልጆቹን አልጋ ሥር ደብቆ፣ የሞተር ድምፅ የሚያዳምጠው ሰው ብቻ ነው። ውሸቱ የተሠፋው በእሱ ልክ ነው። እሷ ናት የሰፋችው፤ በዚያ ሁሉ በሚወደድላት ድምፅ። ደሟ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ተረፈች። ስትዘል ቁርጭምጭሚቷ ዞረ እንጂ እያነከሰች ብየዳ ቤቱ ገባች። ሰውየው ሲከተላት ሠራተኞቹ የጋለ ብረት እንደያዙ በር ላይ ተሰልፈው ጠበቁት፤ ዞሮ ተመለሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጋሽ እርምጃ ፑል ቤት ውስጥ አገኘውና ከተማውን አቋርጦ በእግሩ አመጣው። ሰውየው መንገድ ላይ፣ "መኪና የላችሁም እንዴ?" ብሎ ጠይቆት ነበር አሉ። "የለንም" አለው ጋሽ እርምጃ፣ "ስለዚህ ከሮጥክ እኔም መሮጤ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ልቤ ቀጥ ብትል በነፍሰ ገዳይነት ትጠየቃለህ። ዝም ብለን እንሂድ።"

የሬዲዮ ጉዳይ ግን በቀልድ አላለቀም። ስልኩ የሚቀዳ ስልክ ነው። አዛዡ ቢሮ ጠሯት፤ ያ ባለሙያ ከነክራቫቱ ተቀምጧል። የምስክር ወረቀቱ ሥር ሆነው ቅጂውን አሰሟት። "ማንም አይመጣም" የሚለው የገዛ ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። ጥርት ያለ ነው። ዜና ይመስላል።

"ይህ የሕዝብን አመኔታ የሚሸረሽር ንግግር ነው" አለ ባለሙያው። "አንድ ዜጋ ፖሊስ አይመጣም ተብሎ በፖሊስ ሲነገረው ምን ይሰማዋል?"

"በመስኮት ይዘላል" አለች ሬዲዮ።

አዛዡ ግንባሩን አሸ። "ሴትየዋ መትረፏን እናውቃለን፤ እሰየው ነው። ግን እንደ ደንቡ ብትነግሪያት ምን ነበረበት?"

"ትሞት ነበር።"

"እሱን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም" አለ ባለሙያው።

ሬዲዮ ስታድግ ዓይናፋር ነበረች፤ በሕይወቷ ሰው ላይ ጮሃ አታውቅም። አሁንም አልጮኸችም። ድምፅዋ ግን ከወትሮው ይበልጥ ዝግ አለ፤ አዛዡ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ።

"የሰዓት ሠሪውን እጅ አይተውታል?" አለች ባለሙያውን። "እኔ አይቼዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያሳረፈው። እርስዎ የቆረጡት ነዳጅ ነው ብለው ያስባሉ። ይምጡና እጁን ይጨብጡት። ጣቶቹ አይታጠፉም፤ ስለዚህ እርስዎ ነዎት ጠበቅ የሚያደርጉት።"

ባለሙያው ወረቀቱን ገለጠ። በመጨረሻ አዛዡ ዓይኑን ሳያነሳ፣ "ወይ ቃሉን ትያለሽ፣ ወይ ስልኩን ትለቂያለሽ" አላት።

ስለ ልጇ ትምህርት አሰበች። ስለ ባሏ ፀጉር ቤት አሰበች፤ ሰው እየተቸገረ ሲሄድ ፀጉሩን የሚያሳድግ ሆኗል። ሃያ ዓመት ሊሞላው ስለተቃረበው አገልግሎቷም አሰበች።

"እለቃለሁ" አለች።

ማባረር አሳፈራቸው መሰለኝ፣ ግቢ ውስጥ ያለውን መኪና ጠባቂ አደረጓት። የመንግሥት ንብረት ነው፣ ይጠበቃል ተባለ። ባሏ ሲሰማ ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ አንስቶ፣ "ጎማ የሌለውን መኪና ማን ይሰርቀዋል?" አለ።

"ጡቡን ነው የሚሰርቁት" አለችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የቀለደችው ያኔ ነው። ቀልዱ ግን ሁለቱንም አላሳቃቸውም።

በስልኩ ላይ አዲስ ልጅ ተቀመጠች፤ ገና ትከሻዋ ኮቷን ያልሞላ። ሬዲዮ ከመስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ሆና ቀኑን ሙሉ ትሰማታለች። ቃሉን በደንብ አስጠንተዋታል። "ቆልፈው ይጠብቁ፣ መንገድ ላይ ናቸው።" በእያንዳንዱ ጥሪ ሬዲዮ ጥርሷን ትነክሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዋን በእጇ ትደፍን ነበር፤ በኋላ ተወችው። አለመስማትም የነሱ ሥራ ነው፣ እነሱ ይሥሩት አለች።

አንድ ቀን ሰዓት ሠሪው በግቢው በር ገባ። ሬዲዮን በርጩማው ላይ ሲያያት ገረመው። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና በደህናው እጁ ድመቷን አሻሻት።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?"

"መኪና እጠብቃለሁ ጋሼ። አንድ ቀን ጠይቀውኝ መልስ ሳልሰጥዎ ቀረሁ፤ ከየት ነበር የሚመጡት ብለውኝ።"

"አዎ ብዬሻለሁ።"

"ከዚህ ነበር" አለች በእጇ እያሳየችው።

ሰዓት ሠሪው መኪናውን አየ። ጡቦቹን አየ፣ በጡቦቹ መሃል የበቀለውን ሣር አየ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ የተኙትን ግልገል ድመቶች አየ። ፊቱ ደም ለበሰ። ያ "አይዞሽ" ያላት ገር ሰው በመጨረሻ ተናደደ። ሬዲዮም ሲናደድ በማየቷ ከደረቷ ላይ አንድ ነገር ቀለላት።

ያኔ ከራሳቸው በላይ ስልኩ ጮኸ።

"አቤት" አለች አዲሷ ልጅ። ከዚያ፣ "ስንት ናቸው? ልጆቹስ አብረውዎት ናቸው?" የሴትየዋን መልስ አዳመጠች። "እሺ እናቴ፣ ይረጋጉ፣ በርዎን ቆልፈው..."

ሰዓት ሠሪው ከድንጋዩ ተነሣ። ሬዲዮ ቀድማው ተነሥታለች። መስኮቱ ሥር ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

"ስጪኝ" አለች።

ልጅቱ ወደ አዛዡ በር ዞረች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የወንበር መንቀሳቀስ ይሰማል። ከዚያ ሽቦውን ከጠረጴዛው ሥር ሳበችና፣ ያን የድሮው ሹፌር ያስረዘመውን ሽቦ፣ እጀታውን በመስኮቱ አሾልካ ሬዲዮ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠችው።

"የኔ እናት፣ ስሚኝ" አለች ሬዲዮ። "በጓሮ በኩል መውጫ አለሽ?"